ትንፋሽ ያጠረው ላይኛው ካርድ፦ ባለሁለት ግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተርን ማቀዝቀዝ

ሁለተኛውን ግራፊክስ ካርድ የሰካሁ ቀን ደስታዬ የቆየው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ሁለት ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ ሁለቱን የምታገናኝ ብሪጅ። ጌሙን ከፈትኩት። መጀመሪያ ሳይንገራገጭ ሄደ። ከዚያ ፋኖቹ እያጓሩ መጡ፤ ምስሉም ይቆራረጥ ጀመር። ቁጥሩን ሳይ ላይኛው ካርድ 84 ዲግሪ ደርሷል። ታችኛው 69 ላይ ነው። ካርዶቹ መንታ ናቸው። አንድ ሞዴል፣ አንድ ሥራ። ግን አንዱ ሲነድ ሌላው ገና ላብም አልወጣው።

ከዚያ በኋላ ያንን የ15 ዲግሪ ልዩነት ሳሳድድ ወራት አለፉ። ግማሹ ሙከራዬ ትክክል ነበር። ግማሹ ገንዘቤንና እንቅልፌን በላው። አሁን እንደ አዲስ ብጀምር የምከተለውን ቅደም ተከተል ነው የምጽፍላችሁ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል

አንድ 1080 ቲአይ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም 250 ዋት ይወስዳል። ሁለቱ 500 ናቸው። ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና ፋኖቹን ስትጨምሩበት ወደ 650 እና 700 ዋት ይጠጋል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛችሁ ሥር አንድ ትንሽ የክፍል ማሞቂያ አስቀምጣችሁ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮና በመስታወት ዘግታችሁታል ማለት ነው።

ችግሩ ግን የሙቀቱ ብዛት ብቻ አይደለም። አቀማመጡ ነው። በተለመደው ቋሚ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ የግራፊክስ ካርድ ፋኖች ፊታቸው ወደ ታች ነው። የታችኛው ካርድ ፋኖች ከሥራቸው ባዶ ቦታ አላቸው፤ እንደ ልብ ይተነፍሳሉ። የላይኛው ፋኖች ፊት ለፊት የሚያገኙት ግን የታችኛውን ካርድ ጀርባ ነው። ያ ጀርባ ራሱ ይፋጃል። በመካከላቸው ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት። ወደዚያች ክፍተት የሚገባው አየርም ታችኛው ካርድ ተጠቅሞ የተፋው ነው። ላይኛው ካርድ አልታመመም። ትንፋሽ ነው ያጠረው።

ይሄን ቶሎ ባውቅ ኖሮ ብዙ ነገር አልገዛም ነበር።

ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ጌም ላይ ሁለቱ ካርዶች ብዙውን ጊዜ ፍሬሞቹን፣ ማለትም ተከታታዮቹን ምስሎች፣ በተራ ነው የሚሠሩት። አንዱ አንደኛውን ይሠራል፣ ሌላው ሁለተኛውን፣ ያኛው ደግሞ ሦስተኛውን። ላይኛው ሞቆት ፍጥነቱን ሲቀንስ ታችኛው ይጠብቀዋል። ታችኛው የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ጥቅም የለውም። እንደ ጥንድ በሬ ናቸው፤ የሚሄዱት በደካማው እግር ነው። ያ የምስል መቆራረጥ የመጣው ከዚህ ነበር።

ከመንካታችሁ በፊት ለኩ

ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብሊው-ኢንፎ የሚባሉትን ፕሮግራሞች አውርዱ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የካርዱን ፋንና ኃይል የሚያስተካክለው፣ አፍተርበርነር የሚባለውም ያስፈልጋችኋል፤ ኋላ ስለምንጠቀምበት ከአሁኑ ጫኑት። ከዚያ የምታውቁትን ከባድ ጌም ክፈቱና ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። አምስት ደቂቃ አይበቃም። ብረቱም፣ የኬዙ አየርም፣ ክፍሉም እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ስትለኩ አራት ነገር ጻፉ፦ የእያንዳንዱን ካርድ ሙቀት፣ የእያንዳንዱን ፍጥነት በሜጋኸርዝ፣ የፋኖቹን መቶኛ፣ የክፍሉን ሙቀት። የክፍሉን ሙቀት ብዙ ሰው ይረሳል። ክፍሉ 24 ሲሆን የለካችሁትን 30 ሲሆን ከለካችሁት ጋር ብታወዳድሩ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት።

ፍጥነቱን ጻፉ ያልኩት በምክንያት ነው። የ1080 ቲአይ የሙቀት ገደብ ሲመጣ 84 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ነው። ካርዱ እዚያ ሲደርስ ከዚያ በላይ ላለመሞቅ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። የኔ ላይኛው ካርድ ከ1,900 በላይ ጀምሮ ወደ 1,650 ወረደ። ሙቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው «84 ላይ ቆሟል፣ ደህና ነው» ይላል። አልቆመም። እየከፈለ ነው።

አሁን የጎን መክደኛውን አንሱና ያንኑ ጌም እንደገና ተጫወቱ። ይህ በነፃ የሚገኝ ምርጥ ምርመራ ነው። ላይኛው ካርድ አምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ኬዙ ውስጥ በቂ አየር አይገባም ማለት ነው። የኔ ከ84 ወደ 77 ወረደ፤ ፍጥነቱም ከፍ አለ። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ካርዱ ራሱ ላይ ወይም በሁለቱ መካከል ባለችው ክፍተት ላይ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ትንሽ ላብ ይፈልጋል። ካርዶቹን አቀያይሩ፤ የላዩን ታች፣ የታቹን ላይ። ታች የነበረው ወደ ላይ ሲወጣ እሱም 84 ከነካ፣ ጥፋቱ የቦታው ነው። የድሮው ላይኛ ታች ወርዶም ከጋለ ግን ካርዱ ውስጥ አቧራ ወይም የደረቀ ፔስት (የቺፑን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) አለ። እኔ ይህንን ሳላደርግ በፊት የላይኛውን ካርድ ፈትቼ ፔስት ቀይሬለት ነበር። ሁለት ዲግሪ ብቻ ቀነሰ። ሳቀያይራቸው ጊዜ አዲሱ ላይኛ ቀጥ ብሎ 84 ገባ። ያን ቀን ራሴን ታዘብኩት።

ከመፍታታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፉ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። እጃችሁን የኬዙ ብረት ላይ አሳርፉ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል።

ክፍተቷ

ማዘርቦርድ ላይ በአንድ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) እና በሚቀጥለው መካከል 20 ሚሊሜትር ገደማ አለ። ካርዳችሁ የሁለት ስሎት ውፍረት ካለው 40 ሚሊሜትር ይይዛል። ሁለተኛው ካርድ ከመጀመሪያው ሁለት ስሎት ዝቅ ብሎ ከተሰካ ክፍተቱ ዜሮ ነው። ሦስት ስሎት ዝቅ ካለ 20 ሚሊሜትር ታገኛላችሁ። የኔ ካርዶች ሁለት ስሎት ተኩል ስለነበሩ የቀረኝ አሥር ሚሊሜትር ነው። በአሥር ሚሊሜትር ሦስት ፋን ይተነፍሳል ብላችሁ አስቡት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታችኛውን ካርድ ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ይቻላል ወይ?» ነው። መልሱ የማዘርቦርዱ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ብዙ ቦርዶች ላይ ሦስተኛው ረጅም ስሎት መልኩ እንደ ሌሎቹ ቢሆንም ውስጡ አራት የመረጃ መስመር ብቻ ነው ያለው። ኤስኤልአይ፣ ሁለት ካርዶችን ጌም ላይ አብሮ የሚያሠራው የኤንቪዲያ ዘዴ፣ ቢያንስ ስምንት መስመር ይፈልጋል፤ በአራት እምቢ ይላል። የኤኤምዲው ክሮስፋየር ግን በአራትም ይሠራል። ሁለቱን ካርዶች ለጌም ሳይሆን ለሥዕል ሥራ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ላይ፣ ብሪጅም ኤስኤልአይም አያስፈልጋችሁም። ታችኛውን ካርድ ስሎት እስከፈቀደ ድረስ አርቁት። እንደሱ የሚገላግል ነገር የለም።

ካርዱን ዝቅ ስታደርጉ ብሪጇም መርዘም አለባት። ብሪጆች በተለያየ ርዝመት ይመጣሉ። ሳትለኩ አትግዙ።

የኔ ቦርድ አላስቻለኝም። ሦስተኛው ስሎት ባለአራት ነበር። ግን አንድ ነገር አየሁ። ከባድ ካርድ በጊዜ ብዛት ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል። የኔ ላይኛ ካርድ ከኋላው ብሎን ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በፊት ጫፉ ግን ወደ ታችኛው ተንጋዷል። ያቺ አሥር ሚሊሜትር በጫፏ ስድስት ሆናለች። አየር የሚገባው ደግሞ በዚያው ጫፍ ነው! ከሥሩ ድጋፍ አቆምኩለት። ድጋፉ ያረጀ የፕላስቲክ ማስመሪያ ቁራጭ ነው፤ እስካሁን አልቀየርኩትም። ሁለት ዲግሪ ወረደ። በፔስቱ ያገኘሁትን ያህል፣ ያለ ምንም ወጪ።

አየሩን መንገድ ስጡት

ኬዝ ውስጥ አየር የሚሄድበት መንገድ ቀላል መሆን አለበት። ከፊትና ከታች ይገባል፣ ከኋላና ከላይ ይወጣል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚሳሳተው ዝርዝሩ ላይ ነው።

የኔ ኬዝ ከፊት አንድ ፋን፣ ከኋላ አንድ፣ ከላይ ሁለት ነበረው። ከላይ ያሉት ሁለቱም አስወጪ ናቸው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ልክ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ልክ አልነበረም። ከላይ፣ ወደ ፊት የቀረበው ፋን፣ ከፊት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ካርዶቹ ጋ ሳይደርስ መንትፎ ያወጣዋል። ያንን ፋን ነቅዬ ፊት ለፊት፣ በካርዶቹ ቁመት ላይ ገጠምኩት። አንድ ፋን ሳልገዛ አየሩ ተስተካከለ።

ቀጥሎ ባዶውን የሃርድ ዲስክ መደርደሪያ አወጣሁ። የፊተኛው ፋን የሚነፋው በዚያ ብረት ላይ ነበር። ብዙ ኬዝ ላይ በአራት ብሎን ይወጣል፤ ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው። ባዶ መደርደሪያ ይዞ መቀመጥ ምንም ጥቅም የለውም። ገመዶቹንም ከማዘርቦርዱ ጀርባ አሳልፉ። የገመድ ዘለላ ፋን ፊት ላይ ከተንጠለጠለ መጋረጃ ነው።

ከዚያ ዋናው መጣ። አንድ ባለ120 ሚሊሜትር ፋን ወስጄ፣ መደርደሪያው በነበረበት ቦታ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። አፉን ቀጥታ ወደ ሁለቱ ካርዶች ክፍተት አዞርኩ። መልኩ አያምርም። ጓደኛዬ አይቶ «ይሄ ምንድነው፣ ወፍ ጎጆ?» አለኝ። ነገር ግን ላይኛው ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ አየር አገኘ። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው፣ ድጋፉንም ጨምሮ፣ መክደኛው ተዘግቶ 79 ዲግሪ ሰጡኝ። ፍጥነቱም አልወረደም። የጎን መክደኛችሁ ፋን መግጠሚያ ካለው ደግሞ ይበልጥ ዕድለኛ ናችሁ። ከጎን ወደ ውስጥ የሚነፋ ፋን ለሁለት ካርድ መድኃኒት ነው። የመስታወት መክደኛ ያመጣብን ጣጣ ይህ ነው፤ ውበቱን አገኘን፣ የጎን ፋኑን አጣን።

የሚገባው አየር ከሚወጣው ትንሽ እንዲበልጥ አድርጉ። ያኔ አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም። ከኋላ፣ በሁለቱ ካርዶች መካከል ያለውን የስሎት መሸፈኛ ቆርቆሮ ካላችሁ እሱንም አውጡት። ሙቁ አየር በዚያ ያመልጣል።

ፕሮሰሰራችሁ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነና ራዲያተሩ ፊት ላይ ካለ፣ ካርዶቹ የሚተነፍሱት በፕሮሰሰሩ የሞቀ አየር ነው። ራዲያተሩን ወደ ላይ ውሰዱት። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይሞቃል። ይሞቅ። እሱ ይችለዋል።

ሁለት ዓይነት ማቀዝቀዣ እንዳለም ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ባለ ሁለትና ሦስት ክፍት ፋን ነው። ሙቀቱን እዚያው ኬዝ ውስጥ ይበትነዋል። ሌላው በአንድ ፋን አየሩን ስቦ በኋላ በኩል ከኬዙ ውጭ የሚተፋው ነው፤ ብሎወር ይሉታል። ለአንድ ካርድ ክፍቱ ይሻላል፤ ይበርዳል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ተጠጋግተው ለተሰኩ ሁለት ካርዶች ግን ብሎወሩ ያሸንፋል። ይጮኻል፣ ግን ሙቀቱን ለጎረቤቱ አያካፍልም። ገና ካልገዛችሁ ይህን አስቡበት። አንድ ብሎወርና አንድ ክፍት ካላችሁ፣ ብሎወሩን ታች፣ ክፍቱን ላይ ብታደርጉት የታችኛው ሙቀት ወደ ላይ አይመጣም። ብሎወሩን ላይ ማድረግም ይቻላል፤ በጠባብ ቦታ አየር መሳብ ይችልበታልና። ሁለቱንም ሞክራችሁ ለኩ።

አቧራ

በዚህ ላይ ረጅም ነገር የለኝም። ማጣሪያዎቹን በወር አንዴ አጽዱ። ኬዙን መሬት ላይ፣ በተለይ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡ። ካርዱን አውጥታችሁ በብሩሽና በታመቀ አየር አራግፉት። ስታራግፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት። ካልያዛችሁት አየሩ ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል፤ መሽከርከሪያው ይጎዳል። እኔ ድምፁ ደስ ብሎኝ አሽከረከርኩት። ከሳምንት በኋላ ያው ፋን ይንጫጫ ጀመር።

ፋኑን ከሶፍትዌር

ብዙ ካርዶች ሲመጡ ፋናቸው እስከ 50 ወይም 60 ዲግሪ ድረስ አይዞርም። ለአንድ ካርድ ጥሩ ነው፤ ጸጥታ ነው። ለሁለት ካርድ ግን ሁለቱ ሳይተነፍሱ ተቃቅፈው ይሞቃሉ። ጌም ስትከፍቱ የምትጀምሩት ከ35 ሳይሆን ከ55 ነው።

አፍተርበርነርን ክፈቱ። መቼቱ ውስጥ ሁለቱን ተመሳሳይ ካርዶች አብሮ የሚያስተካክለውን ምልክት አንሱ። ይህ ካልተነሳ ላይኛውን ስትነኩ ታችኛውም ይከተላል። ከዚያ ለላይኛው እንዲህ አድርጉ፦ 50 ዲግሪ ላይ 40 በመቶ፣ 65 ላይ 60፣ 75 ላይ 80፣ 80 ላይ ሙሉ። ለታችኛው አሥር አሥር በመቶ ቀንሱለት። እሱ አየር አለው። ደግሞ ታችኛው በጣም ሲነፋ ሙቀቱን ወደ ላይኛው ይገፋዋል።

መስመሩን ገደላማ አታድርጉት። ገደላማ ከሆነ ፋኑ በየሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይላል። የማያቋርጥ ድምፅ ጆሮ ይለምደዋል። ከፍ ዝቅ የሚለው ግን ያሳብዳል።

ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የተፈጠረን ሙቀት ማስወጣት ነው። ከዚህ የሚበልጠው እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ደግሞ ነፃ ነው።

ቀላሉን አስቀድሙ። ሞኒተራችሁ በሰከንድ 60 ወይም 144 ጊዜ ብቻ ነው ምስል የሚቀይረው። ካርዶቹ ከዚያ በላይ የሚሠሩት ፍሬም ሁሉ ለሙቀት ብቻ ነው። በጌሙ ውስጥ ወይም በድራይቨሩ (ካርዱን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ውስጥ የፍሬም ገደብ አድርጉ። በተለይ የጌም ሜኑ ላይ ታያላችሁ። ምንም የማይንቀሳቀስ ሥዕል እያሳየ በሰከንድ ብዙ መቶ ፍሬም ይሠራል። እኔ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ስመለስ ካርዶቹ ከጌሙ ውስጥ በላይ ሞቀው አግኝቻቸዋለሁ።

ቀጥሎ የኃይል ገደቡን ዝቅ አድርጉ። አፍተርበርነር ላይ አንድ መስመር መጎተት ነው። 100 የነበረውን 80 በመቶ አድርጉት። ለ1080 ቲአይ ይህ ከ250 ወደ 200 ዋት ነው። በሁለት ካርድ 100 ዋት ተረፈ። ፍጥነቱ በ20 በመቶ ይወርዳል ብላችሁ አትፍሩ። አምራቾች ካርዱን የሚያስተካክሉት መጨረሻዋን ጠብታ እንዲያወጣ ነው፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ደግሞ ብዙ ዋት ትበላለች። እኔ የምጫወተው ጌም ላይ 118 የነበረው 112 ፍሬም ሆነ። ሙቀቱ ግን አራት ዲግሪ ወረደ። ስድስት ፍሬም ጠፋ ብሎ ዓይኔ አልከሰሰኝም።

ከዚህ ያለፈው ቮልቴጁን መቀነስ ነው። ይህን እወደዋለሁ፤ ፍጥነት ሳያሳጣ ነው የሚያቀዘቅዘው። ቺፑ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል። በ1,050 ሚሊቮልት የሚሠራውን ወደ 900 ብታወርዱት፣ በዚያው ፍጥነት የሥራ ኃይሉ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል።

አሠራሩ ይኸው። አፍተርበርነር ላይ ኮንትሮልና ኤፍን አብራችሁ ተጫኑ። የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር ይከፈታል። መጀመሪያ 950 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ወደ 1,850 ሜጋኸርዝ አንሷት። ከእሷ ቀኝ ያሉትን ሁሉ ከእሷ እኩል ወይም በታች አድርጓቸው፤ መስመሩ ከዚያ ወዲያ ጠፍጣፋ ይሁን። ተቀበሉና ጌም ተጫወቱ። ሰዓት ሙሉ ካልተቋረጠ በ25 ሚሊቮልት ዝቅ በሉ። ጌሙ ከተዘጋ ወይም ስክሪኑ ከጠቆረ አንድ ደረጃ ተመለሱ። በዚህ ምክንያት ካርዱ አይቃጠልም። ቢበዛ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ነው። እያንዳንዱ ቺፕ አቅሙ ስለሚለያይ የኔን ቁጥር እንዳለ አትቅዱት። የኔ ላይኛው በ900 ሲረጋጋ፣ መንታው ታችኛው 925 ፈለገ። የፍጥነቱን ቁጥር ግን ለሁለቱም እኩል አድርጉ። ያው ፈጣኑ ዘገምተኛውን መጠበቁ አይቀርም።

ካርዱን መክፈት

ይህን ኋላ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ካርዱ አዲስ ከሆነና ዋስትና ካለው አትንኩት። ሦስትና አራት ዓመት ከሠራ፣ ወይም በማቀያየሩ ምርመራ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ግን ፔስቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ከጀርባ ቺፑን የከበቡት አራት ብሎኖች ናቸው ዋናዎቹ። በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ፍቱ። ስትመልሱም እንደዚያው። ማቀዝቀዣውን ስታነሱ ቀስ በሉ፤ ከካርዱ ጋር በቀጭን የፋን ገመድ ተያይዟል። እኔ ይህን አላወቅኩም። ብረቱ ተጣብቆ ነበርና ሳብኩት። ሲለቅ የገመዱ ሶኬት ከቦርዱ ተገንጥሎ በእጄ መጣ። የዚያን ቀን ምሽት የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር በመበየድ አሳለፍኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ክፈቱ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ሶኬቱን በወረንጦ ንቀሉ፣ ከዚያ አንሱት። ካልላቀቀ ካርዱን ጥቂት ደቂቃ በጌም አሙቁትና ሞክሩ፤ ፔስቱ ይለሰልሳል።

አሮጌውን ፔስት 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ። አዲሱን በቺፑ ፊት ሙሉ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የግራፊክስ ቺፕ እንደ ፕሮሰሰር ክዳን የለውም፤ ጥግ ላይ ፔስት ካልደረሰ እዚያ ይግላል። ስለዚህ ከማነስ መብዛት ይሻላል።

ሚሞሪዎቹ ላይ ያሉት፣ ሙቀት የሚያሻግሩት ለስላሳ ፓዶች ደግሞ ውፍረታቸው ወሳኝ ነው። ከተቀደዱ ትክክለኛውን ውፍረት አግኙ። እኔ 1 ሚሊሜትር የነበረውን በ1.5 ተካሁት። ወፍራም ይሻላል ብዬ። ፓዱ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ያዘውና ቺፑን በደንብ አልነካውም። ካርዱ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 90 አለፈ። እንደገና ፈትቼ፣ እንደገና ጠርጌ፣ እንደገና ቀባሁ።

ሁለት አርቲኤክስ 3090 ያላችሁ ከሆነ ፓዱ ይበልጥ ይመለከታችኋል። የዚህ ካርድ ግማሽ ሚሞሪ በጀርባው ነው ያለው። የታችኛው ካርድ ጀርባ ደግሞ የላይኛው ፋኖች ፊት ለፊት ነው። የሚሞሪውን ሙቀት ኤችደብሊው-ኢንፎ ላይ ተከታተሉ። 110 ዲግሪ ላይ ራሱን መቀነስ ይጀምራል። አንዱ ካርድ ብቻውን 350 ዋት ነው። ለእነዚህ የምላችሁ ከኃይል ገደቡ ጀምሩ ነው።

ፓወር ሰፕላይና ገመድ

ባለ8 እግር የኃይል ሶኬት የተሠራው ለ150 ዋት ነው፤ ባለ6 ለ75። አንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ሶኬቶችን ለአንድ ካርድ ከመስጠት ለእያንዳንዱ ሶኬት የራሱን ገመድ ሳቡ። ገመዱን ጌም ላይ ሳላችሁ ዳስሱት። ከጋለ ጥሩ አይደለም። ለሁለት 1080 ቲአይ እኔ ባለ1,000 ዋት ነው የምጠቀመው። በ850ም ይሠራል፣ ግን ፋኑ ያለ እረፍት ይዞራል።

ሁለተኛው ካርድ የሚሠራው መቼ ነው

ኤንቪዲያ ኤስኤልአይን ያመጣው በ2004 ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2021 ጀምሮ ግን ለአርቲኤክስ 20 እና ከዚያ በፊት ለነበሩ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (አንድ ጌም ሁለቱን ካርዶች እንዲጠቀም የሚያስችል ቅንብር) መጨመር አቁሟል። ከ30ዎቹ ካርዶች ብሪጅ የሚቀበሉት 3090 እና 3090 ቲአይ ብቻ ነበሩ፤ 4090 ላይ ሶኬቱም የለም። ስለዚህ ብዙ አዲስ ጌም ላይ ሁለተኛው ካርዳችሁ ተቀምጦ ተመልካች ነው።

ተመልካች ሆኖም ግን ቦታ ይይዛል። የላይኛውን ትንፋሽ ያግዳል። የምትጫወቱት ጌም ሁለት ካርድ የማይደግፍ ከሆነ ታችኛውን ነቅላችሁ ለኩ። እኔ ነቅዬ ነበር። ላይኛው በአንድ ጊዜ 66 ገባ። ያ ሁሉ ማሰሪያ፣ ያ ሁሉ ካቻቢቴ፣ መልሱ አንድ ካርድ መንቀል ነበር? መልሼ ሰካሁት። የድሮ ጌሞቼ ሁለቱንም ይጠቀማሉ፤ ሥዕል ስሠራም ሁለቱ ያስፈልጉኛል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ባዶውን ስሎት ሳየው አልወደድኩትም።

ውሃ ማቀዝቀዣ እንዳለ አውቃለሁ። ላይኛውን ካርድ ብቻ የራሱ ራዲያተር ያለው አድርጎ መግዛትም ይቻላል፤ ጥሩ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ከላይ ያለውን ሁሉ ሳትጨርሱ እዚያ አትሂዱ።

አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ። ስትጨርሱ ቁጥሮቹን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መክደኛው ውስጥ ለጥፉ። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ጌም፣ በዚያው የክፍል ሙቀት ለኩ። አምስት ዲግሪ ከጨመረ አቧራ ነው። ላይኛው ብቻ ከጨመረ ድጋፉን እዩ፤ ተንሸራቶ ይሆናል። የኔ ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው፦ ላይ 72፣ ታች 64፣ ክፍል 24፣ 1,800 ሜጋኸርዝ፣ ማስመሪያዋ ቦታዋ ላይ ናት።